የሚፍታ ዋስ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚፍታ ጀይሉ፤
ካለህበት ከባሕር ማዶ፣ ከታሊን

አሰላሙ ዓለይኩም። የዚያ አገር ብርድ ሳይጎዳህ፣ አላህ ጤናህን ጠብቆ ይህ ወረቀት እጅህ ይግባ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትህ አባባ ጀይሉ እንደ ድሮው ክር ሱቃቸው ውስጥ ናቸው፤ በገበያ ቀን የዶርዜ ሸማኔዎች ሱቁን ሞልተውት ይውላሉ። እናትህ ባህሪያ ሰው ሁሉ ሲጠይቃቸው «ዛሬ ነገ ይመጣል» እያሉ ነው።

በወረቀት የምጽፍልህ «ስለ ትምህርቴና ስለ ሥራዬ በስልክ አታውሩኝ» ስላልክ ነው። ሐምሌ ላይ ትመጣለህ ተብሎ ቤትህ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሐምሌ አለፈ፣ መስከረምም ጠብቶ አለቀ። መንግሥት ሲልክህ ተመልሰህ አራት ዓመት ልታገለግለው ፈርመሃል። እኔ የአጎትህ ልጅ ደግሞ «ይመለሳል» ብዬ ዋስህ ሆኛለሁ። «የነጋዴ ዋስ አንቀበልም፣ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ አምጣ» ሲሉህ ከዘመድ ሁሉ እኔ ብቻ እንደነበርኩ አትረሳውም።

አሁን ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ያንኑ ትምህርት፣ የሳይበር ደህንነት ማስተርስ፣ እኔም ተወዳድሬ አለፍኩ! አምና የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተሮች በቫይረስ ተመተው የስንቱ ገበሬ የይዞታ መረጃ ሲጠፋ፣ የኮምፒዩተሩን ቁልፎች ከመምታት በቀር አንዳች ነገር ሳላደርግ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ያን ቀን ነው ይህን ትምህርት የተመኘሁት። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ግን «ዋስ የሆንሽለት ሰው መጥቶ ሪፖርት ሳያደርግ መሸኛ አልጽፍልሽም» አሉኝ። እስከ ጥር ካልመጣህ የትምህርት ቦታዬ ለተጠባባቂው ይሰጣል።

ናና ሪፖርት አድርግ። ሌላ የምጠይቅህ የለኝም።

እህትህ ኑሀ ሐቢብ

ታሊን
ኅዳር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለኑሀ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። ማለፍሽን ሰምቼ ደስታዬ ወሰን የለውም። ድሮም ከእኔ ትበልጪ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ እርማት ብቻ አላለቀም። እዚህ አገር ፕሮፌሰሮች ነገር ያንዛዛሉ። እስከ ጥር መድረሴን እንጃ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ዘንድሮ ባይሆን የሚመጣው ዓመት አለ። ወይዘሮ ዓለምጸሐይን ደህና አድርገሽ ብታናግሪያቸው እምቢ የሚሉ ሴት አይመስሉኝም።

ወደዚያ ከሚመጣ ሰው ጋር አንድ ስልክና አንድ ጃኬት ልኬልሻለሁ። አባቴን አታስጨንቂው። መምህር አሮን ደህና ናቸው? የድሮው የፊዚክስ መምህሬ አሁንም ስለ መሬት ነገር ፌስቡክ ላይ ይጽፋሉ?

ወንድምሽ ሚፍታ

አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሚፍታ ጀይሉ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ጃኬቱ ደርሶኛል። አርባ ምንጭ ውስጥ የበረዶ ጃኬት! ሦስት ዓመት ብቻ ቆይተህ የዚህን አገር ሙቀት ረስተኸዋል ማለት ነው። ስልኩን ለእህትህ ለሰልሰቢል ሰጠኋት።

እሷም አባታችሁ ሱቅ ውስጥ ስልኩን እየነካካች «ሚፍታ እኮ የተከራየው ቤት ከዚህ ሱቅ ይሰፋል» አለችኝ።

«ተማሪ አይደል እንዴ? ቤት በምን ተከራየ?» አልኳት።

«ከሰኔ ጀምሮ እኮ ሥራ ይዟል» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልቅሶ ስትጀምር ሁሉንም ነገረችኝ። ሰኔ ላይ ተመርቀሃል። እርማት የሚባል ነገር የለም። እንዳትናገር አስምለሃታል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሐሰትህን አሸክመህ፣ እኔን ደግሞ «ድሮም ከእኔ ትበልጪ ነበር» ብለህ ታሞኘኛለህ።

ዋስትናውን ልፈርም ስል አባቴ ሐቢብ «ኑሀ፣ ሰው ዋስ የሚሆነው ላየው ነው፤ ነገን ማን አይቶት?» ሲለኝ አንተ አጠገቤ ቆመህ ነበር። «ወላሂ፣ ትምህርቱ ባለቀ በማግስቱ እመጣለሁ» ያልከው ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለእሱም ነው። በዚያ መሐላ ፈረምኩ።

የዋስትናው ጣጣ በገንዘብ የሚያልቅ ቢሆን አባትህ ሱቃቸውን ሸጠው ያነሡልኝ ነበር። አያልቅም። ዝውውር ብጠይቅ አንተ ነህ የምትጠየቀው። ሥራ ልልቀቅ ብል መልቀቂያ የለኝም። ምን አድርጌህ ነው? በግልጽ ጻፍልኝ። እዋሻለሁ ካልክ ግን ወረቀቱን አታባክን።

ኑሀ

ታሊን
የካቲት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለኑሀ፤

ሰላም ይድረስሽ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ ወደ አገር የሚገባ ሰው ነው የያዘው። አንብበሽ ቅደጂው።

ዋሽቼሻለሁ። ምክንያቴን ግን ስሚኝ።

ባለፈው ግንቦት፣ ልመረቅ አንድ ወር ሲቀረኝ፣ አቶ ካሱ የሚባል ሰው ለትምህርት ከላከኝ መሥሪያ ቤት እዚህ ድረስ መጣ። ስመለስ አለቃዬ የሚሆነው እሱ ነው። ምሳ ጋበዘኝ። ስለ ቤተሰቤ አንድ በአንድ ጠየቀኝና፣ «ያደግከው አርባ ምንጭ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«አሮን የሚባል መምህር ታውቃለህ?»

«ፊዚክስ አስተምሮኛል። ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው።»

«ደግ» አለ። «የሰው ስልክና ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት ለእኛ አያቅተንም። የሚያቅተው ሰውየው ራሱ በሩን እንዲከፍት ማድረግ ነው። የማያውቀው ሰው የላከለትን ፋይል አይከፍትም። ከሚወደው ተማሪው የመጣ ከሆነ ግን ይከፍታል። ስትመለስ ሥራህን በእሱ ትጀምራለህ።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። እሱ መብላቱን ቀጠለ። እኔ የተማርኩት ቤት እንዴት እንደሚዘጋ ነው ኑሀ፤ ሊያሠሩኝ የፈለጉት የሰው ቤት ከፍቼ እንድገባ ነው። በዚያው ሳምንት ላለመመለስ ወሰንኩ። ፈሪ በይኝ፣ ከዳተኛም በይኝ። መምህሬን በእጄ አሳልፌ ከምሰጥ ያንቺ ጥላቻ ይሻለኛል።

ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።

ሚፍታ

አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሚፍታ ጀይሉ፤

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤህን የያዘው ሰው አዲስ አበባ ሰንብቶ የደረሰኝ መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። መምህር አሮን በመጋቢት መጀመሪያ ተይዘዋል። ላይኛው ሰፈር ሴቻ ከሚገኘው ቤታቸው ኮምፒዩተራቸውንና ስልካቸውን ጭነው፣ እሳቸውንም ይዘዋቸው ሄዱ። ሚስታቸው ዮርዳኖስ ስንቅ ይዛ ጣቢያ ደጅ ትውላለች።

እንዴት እንደተያዙ ልንገርህ? በአንተ ስም የመጣ ፋይል ከፍተው ነው። ዮርዳኖስ ናት የነገረችኝ። «አሮን ከፍቶ ምንም አላገኘበትም፤ ከዚያ በኋላ ግን የጻፈውም የተናገረውም ሁሉ መርማሪው እጅ ላይ ነበር» አለችኝ። ከተማው በሙሉ አንተ እንደላክኸው ያምናል። ልትማር የሄድከውን ሁሉም ያውቃልና። የመምህር አሮን ታላቅ ወንድም ኦይታ፣ ሃያ ዓመት ከአባትህ ክር የገዛ ሸማኔ፣ የዶርዜን ሰው ሁሉ ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ዞረ። አባትህ ባዶ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለው «የኔ ልጅ ይህን አያደርግም» ይላሉ። ሰሚ የላቸውም።

እኔ ደግሞ እውነቱን ይዤ ዝም ብያለሁ። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብለሃላ!

ግንቦት ላይ ነው ያወቅከው። አንተ እምቢ ብትል ሌላ ሰው በስምህ ሊያደርገው እንደሚችል ማወቅ ያቅትሃል? ለዚህ አይደል እንዴ የተማርከው? «መምህር፣ ከእኔ የሚመጣ ነገር አይክፈቱ» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ቤት ስትከራይ፣ ሥራ ስትይዝ፣ ጃኬት ስትመርጥ ይህችን አንዲት ቃል የምትልበት ጊዜ አጣህ? ከዚያም ኅዳር ላይ «መምህር አሮን ደህና ናቸው?» ብለህ ጠየቅከኝ። ያን ጊዜ ደህና ነበሩ። ያን ጊዜ ልታድናቸው ትችል ነበር። ንጹሕ እጄን አላቆሽሽም ብለህ እጅህን ኪስህ ከተትክ፤ ሌላ ምን አደረግክ?

የኔ ቦታ ለተጠባባቂው ተሰጥቷል። እሱን ተወው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለዮርዳኖስ ደውልላት። በራስህ ድምፅ የሆነውን ንገራት። ስልኩ ይሰማል ካልክ ይሰማ! የሚሰሙት ሰዎች ነገሩን ካንተ በፊት ያውቁታል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ኑሀ ሐቢብ

ታሊን
ነሐሴ 16 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለኑሀ ሐቢብ፤

እናቴ እንዴት ናቸው? አባቴስ?

መልስ ያዘገየሁት ደብዳቤሽን ባነሣሁ ቁጥር አጥፌ መልሼ ስለማስቀምጠው ነው፤ ከንዴት ይሁን ከሌላ አላውቅም። ፋይሉን እኔ አልላክሁም። የተላከበት የኢሜይል አድራሻ መሥሪያ ቤቱ ስሄድ የከፈተልኝ ነው፤ ቁልፉም በእነሱ እጅ ነው። ይህን ታውቂያለሽ። እያወቅሽ ሲቀላ ላይ ስሜ ሲጠፋ ቁጭ ብለሽ አዳመጥሽ።

ደውል ትይኛለሽ። ብደውል ማግሥቱን የእናቴን በር ማን እንደሚያንኳኳ አስበሻል? አላሰብሽም። አንቺ የምትቆጪው ለመምህር አሮን አይደለም። ቦታሽ ስለተወሰደብሽ ነው። የሰው እስር አግኝተሽ ቂምሽን አለበስሽው።

አሁን እኔም ልጠይቅሽ። ሁለታችንንም የሚልከው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚያሠራ ከነገርኩሽ በኋላ፣ መሸኛው ቢጻፍልሽ አትሄጂም ነበር? ተምረሽ ስትመለሺ አቶ ካሱ ምሳ ጋብዞ የሰው ስም ሲሰጥሽ ምን ልትዪው ነው? «እኔ ገበሬዎቹን ልጠብቅ ነው የመጣሁት» ልትዪው? መልሺልኝ እንጂ! እኔ ቢያንስ እምቢ ብያለሁ። አንቺ ገና ለመሄድ በር ላይ ቆመሻል፤ በሩን ዘጋብኝ ብለሽ ነው የምትሰድቢኝ።

ሚፍታ

አርባ ምንጭ
ጥቅምት 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአቶ ሚፍታ ጀይሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ለጠየቁኝ መልስ አለኝ፤ አስቀድሜ ግን ቤትዎ የሆነውን ላስታውቅዎት።

ለአባትዎ ነገርኳቸው። በገበያ ቀን ነበር፤ ያ ሰው የማይጠፋበት ሱቅ ጭር ብሎ፣ እሳቸው የተጠቀለለ ክር እየፈቱ መልሰው ይጠቀልሉ ነበር። የመጀመሪያውን ነገር ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «አላልኳችሁም? ልጄ አልላከውም!» አሉ። ቀጥዬ የግንቦቱን ምሳ ነገርኳቸው። ክሩን አስቀመጡ። ከዚያ «እንደሚላክ ያውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንደሚፈልጓቸው ያውቅ ነበር» አልኳቸው።

ሱቁን በቀትር ዘጉት። ሽማግሌ አልላኩም፤ አባቴን ሐቢብን ብቻ አስከትለው ወደ ሴቻ ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ። ዮርዳኖስ «ግቡ» ብትል አባባ ጀይሉ ደጃፉን አልፈው አልገቡም። ቆመው እንዲህ አሏት፤ «ልጄ ፋይሉን አልላከም። ባልሽን እንደሚፈልጉት ግን ያውቅ ነበር፤ አልነገራችሁም። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ዮርዳኖስ የበሩን መቃን ያዘች። «አባባ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?» አለቻቸው። «እሱ ግን ስልኬን ያውቀዋል። ተማሪ እያለ እኮ ስንት ምሽት እዚህ ቤት እራት በልቷል።»

በሳምንቱ ኦይታ ክር ሊገዛ መጣ። ሌሎቹም ተመለሱ። አባትዎ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስምዎን አይጠሩም። እናትዎ ሲያነሡዎት ተነሥተው ይወጣሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ጥያቄዎ ክፉ ነው፤ ግን እውነት አለው፤ ስንት ቀን ምግብ ዘግቶብኛል። ልሄድ ነበር። አቶ ካሱን አላውቀውም፣ እኔን አያገኘኝም፣ ለእኔ ሌላ ሥራ ይሰጠኛል እያልኩ ራሴን ሳታልል ከርሜአለሁ። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ዘንድ ገብቼ ከሚመጣውም ዓመት ውድድር ስሜን እንዲያነሡልኝ ጠየቅኋቸው።

«ምነው ልጄ? ያ ሰው ቢመጣ እኮ ትሄጃለሽ» አሉኝ።

«ቢመጣም ይቅርብኝ» አልኳቸው። ምክንያቴን አልነገርኳቸውም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ያን ትምህርት ምን ያህል እንደምፈልገው እርስዎ አይገባዎትም፤ እርስዎ ተምረውታል።

እንግዲህ በር ላይ አልቆምኩም። ቂሜንም በማንም እስር አልሸፈንኩም። ከእርስዎ ለራሴ የምፈልገው ነገር የለም። የዮርዳኖስ ዕዳ ግን እንዳለ ነው።

ኑሀ ሐቢብ

ታሊን
ጥር 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ኑሀ፣

«እርስዎ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከአንድ ሳህን በልተን ያደግን ሰዎች ነን።

የመኖሪያ ፈቃድ ሰጥተውኛል። ከእንግዲህ የምመለስበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ ዋስትናሽም አይወርድልሽም። ይህን ስጽፍ ይቅርታ የሚለውን ቃል ልጨምርበት አስቤ ነበር፤ እንደማትቀበዪው ስለማውቅ ተውኩት።

አባቴን ያለ ፈቃዴ ያን ደጅ ያስቆምሽው አንቺ ነሽ። ይህን እኔም አልረሳልሽም።

ለዮርዳኖስ እደውላለሁ። የምለውን ጽፌ ይዣለሁ፤ ድፍረቱን ሳገኝ እደውላለሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አትጠይቂኝ።

ሚፍታ

አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአቶ ሚፍታ ጀይሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ ስልክ ደውለው ነበር። እኔ እዚያው ቤት ስለነበርኩ፣ እርስዎ ያልሰሙትንም ልጻፍልዎት።

መምህር አሮን ሳይከሰሱ ከተፈቱ ገና ሳምንታቸው ነበር። ከስተዋል፤ ሲራመዱ ግድግዳ ይይዛሉ። ማስተማር ተከልክለዋል። እናትዎ ባህሪያ «ሄጄ ዓይናቸውን ሳላይ አልውልም» ብለው ከላንቴ መንደር ሙዝ አስመጥተው ይዘን ሄድን። ዮርዳኖስ ጓዳ ሳለች ስልኳ ጠራ። መምህር አሮን ቁጥሩን አይተው «የውጭ ነው» አሉና እሳቸው አነሡት።

«ሃሎ» አሉ። «ሃሎ፣ ማን ልበል?»

እርስዎ ምንም አልመለሱም። እሳቸው ግን አልዘጉም። እያዳመጡ ቆዩና «ሚፍታ? አንተ ነህ?» አሉ።

እናትዎ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«አትዘጋ» አሉዎት መምህር። «አልቆጣህም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ያ ፋይል እኮ 'የምረቃዬ ፎቶ' ይላል። እኔ ሰው የላከልኝን ነገር እንዲሁ የምከፍት ሰው አልነበርኩም። ያንተን ግን መነጽሬን ሳላደርግ ነው የከፈትኩት። ጋውን ለብሰህ ላይህ ቸኩዬ ነው።»

ይኼኔ እርስዎ ስልኩን ዘጉት።

መምህር አሮን ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ሁለት ጊዜ «ሃሎ፣ ሃሎ» አሉ። ከዚያ ወደ እናትዎ ዞረው፣ እንዳያፍሩ ብለው ይመስለኛል፣ «ተቋረጠ። ኔትወርኩ ነው» አሏቸው።

እናትዎ ነጠላቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ኔትወርክ አይደለም» አሉ።

ሌላ የምጽፍልዎት የለኝም፤ መልስም አልጠብቅም።

ዋስዎ
ኑሀ ሐቢብ